ካራቫን ለመጎተት የምትገዙት ፎር ዊል ደንገጎን ይወርዳል?

ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) የሚጎትት መኪና ሲፈለግ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ዳገቱን ያወጣዋል ወይ?» ብሎ ነው። ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርዱ ከኋላ የሚገፋችሁን ክብደት መኪናው ይዞ ያወርዳችኋል? ዳገት ያቃተው መኪና ዳር ይዞ ይቆማል። ቁልቁለት ያቃተው ግን አይቆምም። ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ሁሉ ቁልቁለቱን አስቀድሞ የሚያስብ ነው።

በእኛ አካባቢ ካራቫን ገና ብዙ አልተለመደም። ፍላጎቱ ግን አለ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም ወጥቶ ማደሪያ የሚቸገር ቤተሰብ አለ። እንግዶቹን ወደ ባቢሌ ይዞ የሚሄድ አስጎብኚ አለ። መስክ ላይ ሳምንት የሚያድር ባለሙያም አለ። የውሃ ታንከር ወይም ጄነሬተር የተጫነበት ተሳቢ ለሚጎትትም ሰው ስሌቱ አንድ ነው።

1. መኪናውን ሳይሆን ካራቫኑን አስቀድሙ

ብዙ ሰው መኪናውን ገዝቶ ነው ተሳቢ የሚፈልገው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ምን እንደምትጎትቱ ሳታውቁ ምን እንደሚጎትት ልታውቁ አትችሉም።

ካራቫን ሁለት ክብደት አለው። አንዱ ባዶውን ነው። ሌላው ለመንገድ ተጭኖ ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ ባዶውን ነው፤ እናንተ የምትጎትቱት ሁለተኛውን ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ባዶው 1,300 ኪሎ ነው እንበል። 100 ሊትር ውሃ ሞላችሁበት፤ 100 ኪሎ ጨመረ። ጋዙና ምድጃው 40 ኪሎ። ባትሪው 30 ኪሎ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ሽሮና በርበሬ፣ ጀሪካን፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተደማምረው 180 ኪሎ። ጠቅላላው 1,650 ኪሎ ሆነ። ከተነገራችሁ በ350 ኪሎ በለጠ ማለት ነው።

በግምት አትለፉት። ድሬ የንግድና የመጋዘን ከተማ ናት፤ የጭነት መኪና ሚዛን አይታጣም። ካራቫኑን ልክ ለጉዞ እንደምትጭኑት ጭናችሁ አስመዝኑ። የወጣውን ቁጥር ጻፉና ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ከዚህ በኋላ መኪና ስታዩ የምትጠይቁት ለዚያ ቁጥር ነው።

2. ከመኪናው አራት ቁጥር አውጡ

ደላላ «ይሄ 3.5 ቶን ይጎትታል» ሊላችሁ ይችላል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከመኪናው መጽሐፍ ወይም በር አካባቢ ከተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ እነዚህን ፈልጉ፦

- የመኪናው ባዶ ክብደት
- መኪናው ከነሰውና ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት
- ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲሆን የሚጎትተው መጠን
- መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ የሚፈቀድላቸው ጠቅላላ ክብደት

አራተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩ ያለው ግን እዚያ ነው። አንድ ፒክአፕ ባዶውን 2,100 ኪሎ ነው እንበል። 3,500 ኪሎ ይጎትታል ተብሏል። መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ የሚፈቀድላቸው ደግሞ 5,800 ኪሎ ነው። አሁን አስሉት። 3,500 ከጎተታችሁ ለመኪናው የሚቀረው 2,300 ነው። ከዚያ ላይ ባዶውን 2,100 ቀንሱ። 200 ኪሎ ቀረ። ሹፌሩና ሁለት ሰው ሲገቡ አለቀ ማለት ነው። ልጆቹስ? ጭነቱስ?

የእኛን 1,650 ኪሎ ካራቫን እዚሁ መኪና ላይ ብናስር ግን ሌላ ነው። መኪናው 2,100፣ ቤተሰቡና ዕቃው 500፣ ካራቫኑ 1,650። ድምሩ 4,250 ኪሎ። ከ5,800 በጣም ያንሳል። በምቾት ትሄዳላችሁ።

በእንግሊዝ አገር ለጀማሪ የሚመከር አንድ ልክ አለ፤ እኔም እመክረዋለሁ። የተጫነው ካራቫን ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይብለጥ። ለ2,100 ኪሎ መኪና 1,785 ኪሎ ይመጣል። የእኛ ካራቫን 1,650 ስለሆነ ከልኩ በታች ነው። ሕግ አይደለም፤ ምክር ነው። ግን ተሳቢ ጎትቶ ለማያውቅ ሰው ደንገጎ ላይ ይህ ምክር ዋጋ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካራቫኑ መጎተቻው ኳስ (ከመኪናው ኋላ ካራቫኑ የሚታሰርበት ድቡልቡል ብረት) ላይ ወደ ታች የሚጭነው ክብደት አለ። ከተሳቢው ክብደት ወደ 10 በመቶ ግድም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለእኛ 165 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ክብደት እንደ መኪናው ጭነት ይቆጠራል። በጣም ካነሰ ካራቫኑ በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በጣም ከበዛ የመኪናው ጀርባ ይረግጣል፣ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪ ይከዳችኋል። መኪናው ኳሱ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድለትም አብራችሁ አረጋግጡ።

3. ቁልቁለቱን አስሉ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት። ደንገጎ ላይ ስትወጡ ከ2,000 ሜትር ታልፋላችሁ። ልዩነቱን 800 ሜትር ብቻ ብንል እንኳ፣ 4,250 ኪሎ ይዞ ያንን የሚወርድ ሰው የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ በሞተሩ በኩል ይወጣል፣ ወይ በፍሬናችሁ። መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ደግሞ ነፋሱ አያግዛችሁም፤ በዝግታ ነው የምትወርዱት።

ፍሬን ሲግል ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ውሃ ስለሚስብ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለቁልቁለት መኪና ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ።

የመጀመሪያው የሞተሩ ስፋት ነው። የፈረስ ጉልበት የሚያወጣችሁ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚይዛችሁ ግን የሞተሩ ሊትርና ዝቅተኛው ማርሽ ነው። 4.2 ሊትር ናፍጣ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ከ2.4 ሊትር ቱርቦ ይልቅ ይይዛል። አዲሱ ቱርቦ ሽቅብ ሲሄድ ይበልጠዋል፤ ቁልቁል ግን ፍሬን እንድትረግጡ ያስገድዳችኋል። ይህን ደላላ አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ካምቢዮው ነው። ማንዋል ከሆነ ቀላል ነው። አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ ሁለተኛ ላይ የሚቆለፍ መሆኑን አረጋግጡ። ዲ ላይ ብቻ እየተተወ የሚወርድ አውቶማቲክ ማርሹን ወደ ላይ እየቀየረ ይለቃችኋል።

ሦስተኛው የካራቫኑ የራሱ ፍሬን ነው። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ያለ ፍሬን አይጎተት፤ በብዙ አገር ሕጉም ይኸው ነው። የተሳቢ ፍሬን በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካራቫኑ መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ነው። ቀላል ነው፣ መካኒክ ይጠግነዋል። ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ካራቫኑ ሁልጊዜ ስለሚገፋ ፍሬኑ ሳይለቅ እየያዘ ይግላል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራና ከሹፌሩ አጠገብ መቆጣጠሪያ ያለው ነው። ለደንገጎ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ካራቫኑ ብቻውን ሲወዛወዝ የእሱን ፍሬን ብቻ በእጅ ይዛችሁ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

4. ሞተርና ሙቀት

ከፍታ አየሩን ያሳሳዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 4.2 ሊትር ናፍጣ 2,000 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 105 ወርዷል ማለት ነው። ይወጣል፤ ግን በዝግታ፣ ከኋላው የጭነት መኪና አስከትሎ። ቱርቦ ያለው በዚህ ብዙ አይጎዳም።

ድሬ ደግሞ ሙቀት አለ። በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ዳገቱ የሚጀምረው ከዚያ ሙቀት ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይሞክር ግሏል። ራዲያተሩ ንጹሕ፣ ቬንትሌተሩ የሚሠራ፣ ቴርሞስታቱ በቦታው ያለ መሆን አለበት። «ለሙቀት ብለን ቴርሞስታቱን አውጥተነዋል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ የተደበቀ ችግር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ለብቻው ማስገጠም ይገባል።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? ለመጎተት ናፍጣ። በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል። ካራቫን ስትጎትቱ ፍጆታው በሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚጨምርም ጠብቁ። ትልቅ ታንከር ያለው መኪና ከማደያ ሰልፍ ያድናችኋል። የኤሌክትሪክ መኪና መጎተት አይችልም ማለት አይደለም፤ ግን ካራቫን ሲጎትት የሚሄድበት ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ከድሬ እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ አስቡትና ወስኑ።

5. አካሉ

ፎር ዊል የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሥሩ ሻንሲ ያለው አለ፤ ቦዲው ራሱ ተሸካሚ የሆነም አለ። ራቭ4ን የመሰለው ሁለተኛው ዓይነት ለከተማና ለፒስታ መንገድ ጥሩ ነው። ከባድ ካራቫን ለማሰር ግን ሻንሲ ያለውን ውሰዱ።

ረጅም መኪና ይሻላል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም ካራቫኑ መኪናውን እንደ ልቡ አያንገላታውም። ሁለት በር ብቻ ያለውን አጭሩን ፕራዶ ወይም ጂምኒን ለዚህ ሥራ አትመኙ። ጂምኒ ፍሬን ያለው ተሳቢ የሚፈቀድለት 1,300 ኪሎ ነው፤ የእኛ ምሳሌ ካራቫን ባዶውን ይህን ሞልቶታል።

የኋላው ባሌስትራ ወይም ሞላ ደከም ያለ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ካራቫኑን ከማሰራችሁ በፊት ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ያለውን በሜትር ለኩ። ካሰራችሁ በኋላ ድገሙት። ከኋላ ብዙ ከወረደና ከፊት ከተነሳ ወይ ጭነቱን አስተካክሉ፣ ወይ ባሌስትራ አስጨምሩ። ባሌስትራ መጨመር ግን የተፈቀደውን ክብደት አይጨምርም። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ስለ ፎር ዊሉም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በሃርድቶፕና በሃይሉክስ ላይ ያለው ፎር ዊል ሲያስፈልግ ብቻ የሚገባ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ በተለይ ጥምዝ ላይ፣ አስገብታችሁ አትንዱ፤ ፊትና ኋላው ስለሚተሳሰር ጊሩን ይሰብራል። ደንገጎን በሁለት ጎማ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ፎር ዊሉ ለአሸዋ፣ ለጭቃና ለጠጠር ነው። ፕራዶና ላንድክሩዘር 200 ሁልጊዜ በአራቱም የሚሄዱ ስለሆኑ ይህ ችግር የለባቸውም።

6. የትኛውን?

ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲዎች ያን ያህል ዘመን የሠሩት መካኒኩ ስለሚያውቃቸውና ዕቃ ስለሚገኝላቸው ነው። መኪና ስትመርጡ ይህን አስቡ። ካራቫን ይዛችሁ ሂርና ወይም ጭሮ ላይ ብትቆሙ የአካባቢው ጋራዥ ሊከፍተው የሚችል ሞተር መሆን አለበት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ምርጫችሁ በአብዛኛው አገር ውስጥ ካለው ያገለገለ መኪና ነው። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው።

ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 4.2፦ ሽቅብ ቀርፋፋ፣ ቁልቁል የሚታመን። ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። እስከ 2 ቶን ላለ ካራቫንና ለማይቸኩል ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

ሃይሉክስ 2.8 ቱርቦ፦ በብዙ አገር ገበያ 3,500 ኪሎ ተፈቅዶለታል። ሽቅብ ደስ ይላል። በክፍል 2 ያለውን ስሌት ግን ሳትሠሩ አትግዙት። 2.4ቱ ለቀላል ካራቫን ይበቃል።

ፕራዶ 150 ናፍጣ፦ ለቤተሰብ ምቹ ነው፤ እስከ 3,000 ኪሎ ይፈቀድለታል። ሞላው ለስላሳ ስለሆነ ጀርባው ቶሎ ይወርዳል።

ላንድክሩዘር 200 ናፍጣ፦ ከሁሉም የሚሻለው ጎታች ነው። ከባድ፣ ረጅም፣ ጉልበተኛ። ዋጋውና ጥገናው ለሚችል ብቻ።

ኒሳን ፓትሮል 4.2 ካገኛችሁም ጠንካራ ነው፤ የዕቃውን አቅርቦት ግን ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫ ሱቆች ዞራችሁ ጠይቁ።

7. ያገለገለውን ስትፈትሹ

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። ሻጩ አስነስቶ ካሞቀው ሌላ ቀን ተመለሱ። የራዲያተሩን ክዳን ቀዝቃዛ ሳለ ክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ካለ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ሄዷል።

ከሥር ግቡ። የሻንሲው የኋላ ጫፍ ላይ ብየዳ፣ ስንጥቅ ወይም ዝገት ካለ ተነሱና ሂዱ። መጎተቻው የሚታሰረው እዚያ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከስድስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው በድሬ ሙቀትና በዚህ ክብደት አትመኑት። የካራቫኑን ጎማም እንደዚሁ ፈትሹ፤ ቆሞ የሚውል ጎማ ሳይነዳ ያረጃል።

ከዚያ መንገድ። ሻጩ ከፈቀደ ሰውና ጭነት ሞልታችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኤሲውን ከፍታችሁ ደንገጎን ውጡ። የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። መካከለኛው ላይ ከቆየ ጥሩ ነው፤ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ያለ ካራቫን ያልቻለው ከነካራቫኑ አይችልም። ፍሪሲዮኑ ሲሸትት ወይም ዙሩ ሲጨምር ፍጥነቱ ካልጨመረ አልቋል ማለት ነው። ሲመለስ በሁለተኛ ማርሽ አውርዱት። ስንት ጊዜ ፍሬን እንደረገጣችሁ ልብ በሉ። ታች ስትደርሱ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ አይለቅም።

8. ማሰሪያ፣ ሽቦ፣ ወረቀት

የመጎተቻው ኳስ በአውሮፓና በአውስትራሊያ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ካራቫን ከሆነ መጠኑ ይለያል፤ «ገባ» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም። መጎተቻውን ማንም በያጅ ቤት እንዲሠራላችሁ አትፍቀዱ፤ ለመኪናው የተሠራ፣ በቡሎን ከሻንሲው ጋር የሚታሰር ይሁን። የደኅንነት ሰንሰለትና ካራቫኑ ቢበጠስ ፍሬኑን የሚስበው ገመድ ሳይኖሩ መንገድ አትውጡ።

አንዳንድ የቆዩ የናፍጣ መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው። ካራቫኑ 12 ከሆነ አምፖሉን ሁሉ ታቃጥላላችሁ። ኤሌክትሪሻን ያስተካክልላችሁ። ፍሬቻና ስቶፕ መብራት እንዲሠሩ አድርጉ፤ የጎን መስታወቱንም አስረዝሙ። ካራቫኑ ከመኪናው ይሰፋል፣ ባጃጅ ደግሞ በየትም ይገባል።

ስለ ተሳቢው ታርጋ፣ ቦሎና የመንጃ ፈቃድ ደረጃ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። መድን ሰጪያችሁንም «የሦስተኛ ወገኑ ካራቫኑን ይጨምራል?» በሏቸው፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

9. የመጀመሪያው ጉዞ

ቁልቢ በሚነገሥበት ሰሞን አትጀምሩ። መንገዱ በሰውና በመኪና ይጨናነቃል። ተራ ቀን፣ ማልዳችሁ፣ ከድሬ ወደ ሐረር ውጡ። ከቻላችሁ ወደ ባቢሌ ቀጥሉ። ጁገል ውስጥ ካራቫን ይዛችሁ አትግቡ፤ ከግንቡ ውጭ አቁሙ።

ከአወዳይ የሚነሱ የጫት መኪናዎች ሲያልፏችሁ ካራቫኑ ይሳባል። መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ፍሬን አትርገጡ።

ስትመለሱ ደንገጎ ጫፍ ላይ ቁሙ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን አውርዱ። የምትወርዱበት ማርሽ የወጣችሁበት ወይም ከዚያ የሚያንስ ይሁን። ፍሬኑን እግር ጭናችሁ አታቆዩት። ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቁ። ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉና ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፉበት።

ስታድሩ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አታቁሙ፤ አሸዋው ሜዳ ስለሆነ ያታልላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ድሬ ላይ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ዝናቡ እናንተ ጋ ባይዘንብም ደጋው ላይ ከዘነበ ውሃው ይደርሳችኋል።

ጎማ ፈትታችሁ ካሰራችሁ ደግሞ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የመኪናውንም የካራቫኑንም ዳዶ እንደገና አጥብቁ። ከድሬ ለተነሳ ሰው ይህ ሐረር መግቢያ ላይ ነው፤ የዳዶ መፍቻውን ከመቀመጫው ሥር አስቀምጡት።